ከሰዓት በኋላ የሚገባው ሰው

ጥቅምት 4

ለልጄ ለጫጩት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ብትጠይቂኝ ያው ነው፤ አክስትሽም ደህና ናት፤ ድመቷ ሳትቀር ደህና ናት። ሰላምታውን ባሳጥረው አትቀየሚኝ። የምጽፍልሽ ነገር አጣድፎኝ ነው።

ለምን በስልክ አልነገሩኝም ትይኝ ይሆናል። ስልክ ላይ ጆሮዬ አይረባም፤ ካልጮህኩ የተሰማሁ አይመስለኝም፣ ግድግዳችን ደግሞ ስስ ነው። በኢሜይል እንዳልጽፍልሽ የምፈራው ነገር ያለው እዚያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወደ ወረቀት ተመልሻለሁ፤ አንቺም በወረቀት መልሺልኝ።

አንድ ሰው ኮምፒውተሬ ውስጥ እየገባ ነው።

ጡረታ ብወጣም ማዘጋጃ ቤቱ በኔ ቦታ ሰው እስኪያገኝ የከተማውን የምድር ውስጥ ካርታ የምጠብቀው እኔ መሆኔን ታውቂያለሽ። ውሃው በየት እንደሚሄድ፣ የመብራቱ ኬብል በየት እንደተቀበረ፣ ሁሉም እኔ ዘንድ ነው። የቁፋሮው አለቃ ሥራ ሲኖረው ብቅ ይላል፣ የሚቆፍርበትን ሰፈር አትሜ እሰጠዋለሁ፣ ሰዎቹም «እዚህ ጋ ምንም የለም» ያልኩትን አምነው ዶማቸውን ያነሳሉ። ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱን መንገድ ስከፍት የመብራቱ ኬብል ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግሯል። አስተካከልኩት። ትናንት ስከፍተው ተመልሶ ቀኝ ሆኗል! ስህተት ቢሆን አንዴ ነበር የሚሆነው። ይሄ ሰው ነው።

ቤት ውስጥ ያለነው ሦስት ነን። አክስትሽ ኮምፒውተር ላይ የምታየው የልብስ ሞዴል ብቻ ነው። ቀሪው ተከራያችን ነው፤ ያ ፀጉር አስተካካይ፣ ሲሠራ ስለሚያፏጭ «ፉጨት» የምንለው። የዋጋ ማስታወቂያውን ሊያትም አልፎ አልፎ ክፍሌ ይገባል። በሰው ላይ ጣትዎን አይቀስሩ ትይኛለሽ፣ ታዲያ ማንን ልጠርጥር? አንቺ የሆስፒታል ኮምፒውተሮችን የምትቆልፊ ሰው ነሽ። ከእኔ በቀር ማንም ካርታውን እንዳይነካ እንዴት አድርጌ እንደምቆልፈው ጻፊልኝ። ቶሎ በይ።

አባትሽ


ጥቅምት 15

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀደድኩት፤ ስልክ የለመደ እጅ ደብዳቤ ላይ ይሰንፋል።

የጠየቁኝ ነገር ከባድ አይደለም። እስካሁን የቤታችን ኮምፒውተር በር የሌለው ቤት ነው፤ ማንም ቢቀመጥበት ማሽኑ እርስዎ የተቀመጡ ይመስለዋል። አሁን ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ይክፈቱለት፤ ለአክስቴ አንድ፣ ለፉጨት አንድ። እነሱ «ተራ ተጠቃሚ» ይሁኑ፤ የራሳቸውን ፋይል ያያሉ፣ ያትማሉ፣ የካርታውን ፎልደር ግን መክፈት አይችሉም። «አስተዳዳሪ» እርስዎ ብቻ ይሁኑ። አዲስ የይለፍ ቃል ያውጡ። የእማዬን ስም እንዳያደርጉት፤ እሱንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ማን በስንት ሰዓት ገብቶ ምን እንደነካ ማሽኑ ራሱ ይይዛል። እስከዚያ ድረስ ፉጨትን ክፉ ቃል እንዳይናገሩት፣ አደራ።

በሁለተኛዋ አጭር ደብዳቤዎ «የአንቺን የድሮ አካውንት ላጥፋው ወይ?» ላሉኝ፣ እባክዎ አያጥፉብኝ። ኮምፒውተር በቀየሩ ቁጥር «ጫጩት»ን ይዘው እንደሚሻገሩ አላውቅም ነበር። ሰባት ዓመቴ ሳለ የአንድ ሳምንት ሥራዎን አጥፍቼ «ድመቷ ናት፣ ኪቦርዱ ላይ ሄዳ ነው» አልኩዎ። ሳይቆጡኝ ቁጭ ብለው ያን አካውንት ከፈቱልኝ። ሁሉን አያለሁ፣ የራሴን ሥዕል እሥላለሁ፣ የእርስዎን ግን መንካት አልችልም። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ለነርሶቹ የምሠራው ከዚያ የተለየ አይደለም።

ምሳ በደንብ ይበላሉ? አልወደቁም? በሚቀጥለው ሲጽፉልኝ ቀኑንና ወሩን ሳይረሱ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ


ጥቅምት 27

ጫጩት፣

እንዳልሽው አደረግሁ። ጉዱን ስሚ፤ አክስትሽ «በገዛ ወንድሜ ቤት ማን ነሽ ልባል?» ብላ አኮረፈችኝ። ፉጨት ግን በደስታ ሊሞት ደረሰ። ስሙን ማሽኑ ላይ ሲያየው የራሱን ሱቅ ታፔላ እንደሚያይ ሰው ቆሞ ቀረ።

ግን ገብቷል። ከፍቼ አየሁ፤ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ፣ በኔ ስም፣ በኔ የይለፍ ቃል። ኬብሉ እንደገና ወደ ቀኝ ሄዷል። ከምሳ በኋላ ጋደም እንደምል ታውቂያለሽ። ያን ዕለት ግን ሳልተኛ ልጠብቀው ብዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ አልጋዬ ላይ ነኝ፣ ሥራውም አልቋል።

የባሰ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መስመሩን እንዳገኘ አይደለም የሚያዛውረው። መንገዱ ከመስፋቱ በፊት ኬብሉ ወደነበረበት ነው የሚመልሰው፣ ልክ በልክ፣ አንድ ክንድ ሳይስት። ያን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ስንት ቀርቷል? ፉጨት ያኔ አልተወለደም። ታዲያ ማን ነው ጆሮው ላይ የሚነግረው?

ጢሜን አላስላጭም ብያለሁ። ምላጭ ይዞ አንገቴ ላይ እንዲቆም ልፍቀድለት? አክስትሽ «ፍየል መሰልክ» ትለኛለች። ፍየል ልምሰል፣ ብቻ አንገቴ ይትረፍልኝ።

ምሳ እበላለሁ። አልወደቅሁም። ቀኑንና ወሩን ይጻፉልኝ ያልሽው ግን አልገባኝም፤ መቼ ሳልጽፍ ቀርቼ አውቃለሁ? ሆስፒታል ስትውዪ ሐኪም ሆንሽብኝ እንዴ?

አባትሽ


ኅዳር 8

ለውድ አባቴ፣

በዚያ ጥያቄ አስቀይሜዎ ከሆነ ይቅርታ። እዚህ ስውል የሰው ሁሉ ጤና ያስጨንቀኛል፣ ከዚያ የመጣ ነው።

አክስቴም ደውላልኝ ነበር። ስለ ጉልበትዎ ነው ያወራነው።

እኔም ፈርቻለሁ አባባ። ይህቺን ብቻ ልደብቅዎ አልቻልኩም። እባክዎ የይለፍ ቃሉን ዛሬውኑ ይቀይሩት፤ ለማንም አይንገሩት፣ የትም አይጻፉት፣ ለኔም ቢሆን። ምሳ በልተው ሲገቡ ክፍልዎን ከውስጥ ይቀርቅሩት። ከዚያም በኋላ ገብቶ ከተገኘ ይጻፉልኝ፣ ያኔ የምነግርዎ ነገር ይኖረኛል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኔ ሳልጽፍልዎ ለቁፋሮው አለቃ አንድም ወረቀት እንዳይሰጡት። ቢቆጣም ይቆጣ። እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ።

ልጅዎ


ኅዳር 19

ልጄ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ አለቃው ወረቀቱን ከወሰደ በኋላ ነው፤ መስመሩን ጠዋት አስተካክዬው ስለነበር ደግሜ ሳላየው ከሰዓት በኋላ አትሜ ሰጠሁት።

አክስትሽ ስልኩ ላይ ስላለቀሰች ቆፋሪው የሞተ መስሎሽ ከሆነ፣ አልሞተም። ዶማው ኬብሉን ነክቶ ሰውየውን ወርውሮታል፤ እጁ እስከ ክርኑ ተቃጥሏል። ልጠይቀው ሄጄ ነበር። «አባቴ፣ እኔ እኮ አልተሳሳትኩም፤ ወረቀቱ ላይ አልነበረም» አለኝ። ጥፋተኛ እንዳልለው ፈርቶ እኔን ይለማመጠኛል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ።

ቤት ስገባ ደብዳቤሽን አገኘሁት፣ እንዳልሽውም አደረግሁ። መስመሩን አስተካከልኩ፣ የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ የትም አልጻፍኩም። በማግስቱ ምሳ በልቼ በሩን ቀረቀርኩና ጋደም አልኩ።

ስነሳ መቀርቀሪያው እንዳለ ነው። ኮምፒውተሩ በርቷል። መስመሩ ቀኝ ሆኗል።

መስኮቱን አየሁ። አልጋው ሥር አየሁ። አትሳቂብኝ፣ ቁም ሣጥኑንም ከፍቼ አየሁ። ከዚያ ላብ በላብ ሆኜ ተቀመጥኩና መስመሩን አጉልቼ ተመለከትኩት። እኔ መስመር ስስል በየመታጠፊያው ላይ የመደመር ምልክት የምትመስል ትንሽ ነጥብ እተዋለሁ። ሌላ ማንም ካርታ ነዳፊ አያደርጋትም፤ ድሮ አስተማሪዬ ስለ እሷ ሲቆጣኝ ኖሯል፣ ልተዋት ብል እጄ እምቢ አለ። መታጠፊያዎቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ላይ አለች።

ጫጩት፣ የሚገባው ሰው እኔ ነኝ።

ከእንቅልፌ ስነሳ በዛሬው ዘመን መሆኔን የማላውቅበት ሰዓት አለ ማለት ነው፤ መንገዱ ገና ያልሰፋበት፣ እናትሽ ጓዳ ውስጥ ያለችበት፣ ምናልባት አንቺም ያልተወለድሽበት። የሚነሳው ሰውዬ ደግሞ ክፉ አይደለም። ካርታው ተሳስቷል ብሎ ነው የሚያርመው፣ በኔው ጥንቃቄ፣ በኔው እጅ። ሌባ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ሌባን ሰው ይጠብቀዋል።

አንቺና አክስትሽ ታውቁ ነበር፣ አይደል? ስለ ጉልበቴ ነው ያወራነው አልሽኝ። አልተቀየምኩሽም። እኔም በቦታሽ ብሆን የምጽፈው ስለ ጉልበት ነበር።

አሁን የምልሽን በደንብ ስሚኝ፤ ጠዋት ነው፣ ደህና ሆኜ ነው የምጽፈው። ነይ። አስተዳዳሪነቱን ከኔ ላይ ውሰጂና ቁልፉን እኔ እንዳላውቀው አድርጊ። ካርታውን ማየት ብቻ እንድችል አድርጊኝ፤ ጭራሽ እንዳላየው ግን አታድርጊኝ፣ እሱን አልችለውም። መልሺልኝ ብዬ እንደምለምንሽ አውቃለሁ። በደንብ አድርጌ ነው የምለምንሽ፣ ትክክል መስሎሽ ልብሽ እስኪከፈል። ያኔ አንድ ነገር ጠይቂኝ፤ «የትምህርት ቤቱን መስመር ማን አዛወረው?» በዪኝ። «እኔ» ካልኩሽ ቁልፉን ስጪኝ። የሌላ ሰው ስም ከጠራሁ ብቆጣም፣ ባለቅስም እንዳትሰጪኝ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 10

ለውድ አባቴ፣

ከእናንተ ተለይቼ ቤቴ በደህና ገብቻለሁ፣ አያስቡ። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ስንሰነባበት ለምን ፊቴን እንዳዞርኩ አክስቴን ጠይቀዋታል አሉ። አፈር ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው ብል ያምኑኛል?

እንደተነጋገርነው ከአሁን በኋላ ካርታው ላይ መስመር የምትጨምረውም የምታነሳውም ማዘጋጃ ቤቱ የቀጠራት አዲሷ ነዳፊ ብቻ ናት። እሷም ብትሆን ያስተማሯትን ሁሉ እየጻፈች ነው፤ «እኚህ ሰው ከተማውን ከነአንጀቱ ነው የሚያውቁት» አለችኝ። እርስዎ ካርታውን ከፍተው እንደ ልብዎ ማየት፣ ማጉላት፣ መለካት ይችላሉ።

ስምዎን ከገዛ ኮምፒውተርዎ ላይ ሳነሳ አጠገቤ ተቀምጠው አይተዋል። ለእርስዎ አዲስ አካውንት ልክፈት ብል እምቢ አሉኝ። «ምን ልፋት አለው፣ በጫጩት እገባለሁ፤ የሠራሁት ገደብ ነው፣ አምነዋለሁ» አሉ። ሳቅን። ልጅ ሳለሁ የማይነካ ነገር ስነካ እንዲወጣ የጻፉት ቃል ሳይቀር አሁንም አለ፤ «ጫጩት፣ ይህ የአባባ ሥራ ነው፣ አይነካም» ይላል። በሳቃችን መሀል ልክ አለመሆኑ ይሰማኝ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን እስካሁን አላወቅሁም።

ፉጨትን ይቅርታ የጠየቁት ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የፈራሁት ጢምዎን ነው» ብሎ ሲላጭዎ፣ ፉጨቱን ሳይቀር ሰማሁት። ከዚያ ቤት ይዤው የመጣሁት ደስታ እሱ ብቻ ነው።

ልጅዎ


ጥር 3

ለልጄ ለጫጩት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጥር ሦስት፤ ሳትጠይቂኝ ልቅደምሽ ብዬ ነው።

የማዘጋጃ ቤቷ ልጅ ጎበዝ ናት፣ ግን የገበያውን የውሃ መዝጊያ ረስታዋለች። ካርታው ላይ የለም። ነገ ቧንቧ ቢፈነዳ ከየት እንደሚዘጋ ማንም አያውቅም። እሷን ብጠይቃት ትዕዛዝ ይምጣልኝ ትላለች። እኔ ግን በአንድ ነጥብ እጨርሰዋለሁ። ቁልፉን ለአንድ ቀን ብቻ ላኪልኝ፣ ጠዋት እሠራዋለሁ፣ ማታ ትቀይሪዋለሽ። ሌላ መስመር አልነካም። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ሥራ ላይ እንግዳ ሆኜ መቀመጥ እንዴት እንደሚያቃጥል አንቺ ካልገባሽ ማን ይገባዋል?

አባት ልጁን ሲለምን አያምርም። እለምንሻለሁ።

ፉጨት ክፍሌ አጠገብ እንዳይደርስ ነግሬዋለሁ፣ ለማንኛውም።

አባትሽ


ጥር 11

አባባ፣

የውሃው መዝጊያ እንዳሉት ጠፍቶ ነበር፤ ደውዬላት ዛሬውኑ አስገብታዋለች። እግዜር ይስጥልኝ ብላለች።

ቁልፉን በወረቀት ጽፌው ነበር። ፖስታው ውስጥ ከትቼ አሽጌው ነበር። ከዚያ ቀድጄ አወጣሁት።

ጠይቂኝ ያሉኝን ልጠይቅዎ። የትምህርት ቤቱን መስመር ማን አዛወረው? እባክዎ አባባ፣ ጠዋት ላይ፣ ረጋ ብለው አስበው ይመልሱልኝ።

ልጅዎ


ጥር 20

ጫጩት፣

ማን እንዳዛወረው ትጠይቂኛለሽ?

ባለፈው ካርታውን ከፍቼ ኬብሉን ወደ ቦታው ልመልስ ስል ማሽኑ እምቢ አለኝ። ጽሑፉን ስመለከት ምን ይላል መሰለሽ? «ጫጩት፣ ይህ የአባባ ሥራ ነው፣ አይነካም።» ዓይኔን አሸሁት። እንደገና ሞከርኩ። ያንኑ አለ። የገባውን ሰው ስም አየሁ። ከላይ እስከ ታች ጫጩት፣ ጫጩት፣ ጫጩት። ሌላ ማንም የለም።

አንቺ ነሽ።

ይህን ሁሉ ጊዜ በር የቀረቀርኩት፣ ያን ምስኪን ፀጉር አስተካካይ ያሳደድኩት፣ አንቺን ሳላስብ ነው። ማን ላከሽ? ምን አጎደልኩብሽ? ብቻ ሰው እንዳይሞት ነው የምፈራው። እዚያ መንገድ ላይ ሰዎች ይቆፍራሉ፣ ልጄ። ልጆች በዚያ ትምህርት ቤት በር ያልፋሉ። ለአክስትሽ አልነገርኳትም፣ ለማንም አልናገርም። አንቺ ግን ንገሪኝ። ካልነገርሽኝ ከዚህ ወንበር አልነሳም፤ አልበላም፣ አልተኛም።

አባትሽ


የካቲት 1

አባባ፣

ደብዳቤዎን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። ያኔ በሳቃችን መሀል ልክ ያልመሰለኝ ነገር ምን እንደነበር አሁን ገባኝ።

አዎ። እኔ ነኝ።

ድመቷ አይደለችም፣ ፉጨትም አይደለም፣ ከውጭ የመጣ ማንም የለም። በአካውንቴ የገባሁት እኔ ነኝ፣ መስመሩንም ያዛወርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልላከኝም። የድሮው ከተማ ናፍቆኝ ነው፤ መንገዱ ሳይሰፋ የነበረው፣ እማዬ ያለችበት። ኬብሉን ወደዚያ የመለስኩት ክፉ አስቤ አይደለም። ልክ የማደርግ መስሎኝ ነው።

መስመሩ አሁን በትክክለኛው ቦታ፣ በግራ ነው። አዲሷ ነዳፊ አረጋግጣዋለች፤ ቆፋሪዎቹም የሚይዙት የእሷን ወረቀት ነው። ማንም አይሞትም። ቁልፉ ደግሞ እኔ የማልደርስበት ቦታ ነው ያለው፤ ብፈልግም አላገኘውም። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚገባ የለም። በሩን መቀርቀር አያስፈልግዎትም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ። እባክዎ ምሳ ይብሉ።

ልጅዎ ጫጩት


የካቲት 9

ለልጄ፣

ካመንሽ በቃ። ገና ሰባት ዓመትሽ ሳለም ድመቷ እንዳልነበረች አውቅ ነበር፤ ያን ጊዜ አፍ አውጥተሽ አላመንሽም፣ አሁን አመንሽ። አድገሻል ማለት ነው።

ሌባው ከቤት መሆኑ ሲገባኝ መጀመሪያ ደነገጥኩ፣ በኋላ ግን ምን ያህል ቀለለኝ መሰለሽ። ዛሬ ፉጨት ጢሜን ላጨኝ። «ጋሼ ምን ተገኘ?» ሲለኝ «የቤተሰብ ነገር ነው፣ አልቋል» አልኩት። ምሳ በላሁ። በሩን ክፍት ትቼ ተኛሁ፣ ስነሳም ሁሉም ነገር እንዳለ ነበር።

አካውንትሽን አላጠፋሁትም። ካርታውን ስትናፍቂ ገብተሽ እይ፤ አንድም ነገር እንደማታጠፊ ማሽኑ ይጠብቅሻል፣ እኔም እዚህ አለሁ። የድሮው መንገድ ሲናፍቅሽ ደግሞ ጻፊልኝ፣ በየት በየት እንደሚያልፍ እነግርሻለሁ። ብቻ አትፍሪ።

አባትሽ